እንቁላሏን ታቅፋ

በሚያዝያ የመጀመሪያው ዝናብ ሲወርድ የእርጥብ አፈርና የበሰበሰ የሙዝ ቅጠል ሽታ ይመጣብኛል፣ ያኔ እናቴ ኩልፎ ወንዝ ዳር ባለው ማሳችን ውስጥ ዶማ ይዛ አጎንብሳ ትታየኛለች።

ታላቅ ወንድሜ ማቴዎስ ባሕር ተሻግሮ ሥራ ሊፈልግ ከቤት የወጣው እኔ ልጅ ሳለሁ፣ በበጋ ነበር፤ ጀልባ ሊሳፈር ሲል አንዴ ደውሎ ድምፁ ጠፋ። እናቴ ስልኳን ጉያዋ ውስጥ ወሽቃ ትቆፍር ነበር። ዩኒቨርሲቲ ባዮሎጂ የምትማረው እህቴ አስቴር ልታጽናናት ብላ ስለ ባሕር ኤሊ ታወራላት ነበር፤ እናትየው እንቁላሏን አሸዋ ውስጥ ቀብራ ጥላ ትሄዳለች፣ ልጆቿ ብቻቸውን ባሕር ገብተው ያድጋሉ፣ ሴቶቹ ግን ዓመታት ቆይተው እንቁላል ለመጣል ወደተፈለፈሉበት ዳርቻ ይመለሳሉ ትላት ነበር። እናቴ ከዚህ ሁሉ የያዘችው ይመለሳሉ የሚለውን ብቻ ነው።

በዚያው ዓመት በሚያዝያ ዝናብ ሙዝ ሥር ስትቆፍር፣ እግር የሌለው የሚያብረቀርቅ ነገር ተጠቅልሎ አየችና፣ እኛ ዘንድ እባብ የመሰለ ሁሉ እንደሚደረገው በዶማ መታችው። አስቴር ሮጣ መጥታ አፈሩን ገለጥ አደረገች።

«እማዬ፣ እባብ እኮ አይደለችም። የእንቁራሪት ዘመድ ናት፣ አፈር ውስጥ የምትኖር። እንቁላሏን ታቅፋ ነበር።»

«ታዲያ ዶማው ሲመጣ ምነው አልሸሸች?»

«ጥላቸው የት ትሂድ?»

እናቴ ጭቃው ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች፤ ማቴዎስ ከጠፋ ወዲህ ስታለቅስ ያየኋት ያን ቀን ብቻ ነው።

በጥቅምት ጀልባው መስጠሙን አንድ አብሮት የነበረ ልጅ ደውሎ ተናገረ፣ የዕድር ሽማግሌዎችም ለቅሶ እንድትቀመጥ ሊለምኗት መጡ። «ሬሳውን ማን አየ? ኤሊ እንኳ ይመለሳል» ብላ ድንኳን ሳታስተክል መለሰቻቸው። ከዚያ በኋላ በጋ በመጣ ቁጥር፣ አዲስ አበባ ሥራ የያዘችው አስቴር ልትወስዳት ትለምናት ነበር፤ እሷ ግን ቤቱን ዘግቼ ብሄድ ማቴዎስ መጥቶ ቢያጣኝስ እያለች እንቢ ትል ነበር፣ ጎርፍ ማሳውን ሲበላው እንኳ ንቅንቅ አላለችም።

አምና በበጋ ሞተች። ድንኳኑ ደጃችን ላይ የተተከለው ያኔ ነው፣ ሴቶቹም የእሷንና የማቴዎስን ስም አንድ ላይ እየጠሩ አለቀሱ፤ ለወንድሜ በእሷ ለቅሶ ላይ ተለቀሰለት።

ልጅ ሳለሁ ጥላ በመሄዷ ኤሊዋን እጠላት ነበር። አሁን እቀናባታለሁ፣ እናቴም እንደ እሷ ጥላ መሄድ ብትችል ኖሮ እላለሁ። ማንም እንደማይደውል አውቃለሁ፤ ስልኳ ግን እኔ ጋ ነው፣ ማታ ማታ ቻርጅ አደርገዋለሁ።