ጣራ ላይ የተነጠፈው ጆንያ

የረጠበ ጆንያ ሽታ ታውቃለህ? በቀደም ዲላ ገበያ ዝናብ ያዘኝና አንድ ሱቅ በረንዳ ላይ ተጠለልኩ። አጠገቤ የተከመረው ጆንያ ውሃ ጠጥቶ ያ ኮምጠጥ ያለ ሽታው ሲመጣ፣ እኔ እዚያው ቆሜ ልቤ በልጅነቴ የማውቀው የቡና ነጋዴ መጋዘን ገባ።

በጃንሆይ ጊዜ ነው፤ አራተኛ ክፍል ነበርኩ። ሰኔ ላይ ለወላጆች ቲያትር ልናሳይ ነው፣ ትምህርት ቤታችን ግን አዳራሽ የለውም። መምህራችን የከተማውን ነጋዴ ደጅ ለደጅ እየዞረ እርዳታ ጠየቀ። ጨርቅ ሻጩ ለመጋረጃ አቡጀዲ ሰጠ። የሆቴሏ ባለቤት «እንዳትሰብሩብኝ ብቻ» እያለች አግዳሚ ወንበሮቿን አዋሰችን። ቡና ነጋዴው ደግሞ መጋዘኑን ሰጠን። የዓመቱ ቡና ተጭኖ ስላለቀ ባዶ ነበር፤ ጥግ ላይ ለመጪው ለቀማ የተገዛ አዲስ ጆንያ ብቻ ተከምሯል።

የመጋዘኑ ዘበኛ አባቴ ነበር። ከዲላ አጠገብ ከጪጩ የመጣ የገበሬ ልጅ፣ ፊደል ያልቆጠረ፣ ዝምተኛ ሰው። በቲያትሩ የእኔ ድርሻ ደግሞ አንዲት ንግግር ብቻ ናት፤ ገበያ ውስጥ ጠፍታ የከረመች ልጅ መጨረሻ ላይ ደጅ ቆማ «አባዬ፣ እኔ ነኝ፤ ክፈትልኝ» ትላለች። ይህችኑ ቤት ውስጥ ጠዋት ማታ ስደጋግማት እናቴ ታክቷት «ምነው አንዱ በከፈተላትና ባረፍን» ትል ነበር። አባቴ ግን «ከፊት ተቀምጬ ነው የምሰማሽ» አለኝ። እሱ ይስማኝ እንጂ የቀረው ሰው ባይመጣም ግድ አልነበረኝም።

መጋረጃው እንደተከፈተ ዝናቡ ወረደ። የዲላ ዝናብ ቆርቆሮ ላይ ሲወርድ አጠገብህ ያለውን ሰው አያሰማህም። በዚሁ ዝናብ ተወልደን አድገን፣ ቲያትሩን ቆርቆሮ ሥር ስናዘጋጅ ይህን አንዳችንም አላሰብነውም፤ ይገርምሃል። የልጆቹ አፍ ይንቀሳቀሳል፣ ድምፅ የለም። መምህሩ ጨንቆት መጋረጃውን ዘጋ። እኔ ከመጋረጃው ጀርባ አለቀስኩ።

ነጋዴው ከወንበሩ ተነሣና አባቴን «ጆንያውን ጣራው ላይ አንጥፉት» አለው።

«ጌታዬ፣ አዲስ እኮ ነው፤ ይበሰብሳል።»

«ይበስብስ።»

አባቴ ከሁለት ወዛደሮች ጋር በመሰላል ወጣ። ጩኸቱ ከወዲያኛው ጥግ ጀምሮ እየቀነሰ፣ እየቀነሰ መጥቶ ሰው ሲያስል መስማት ጀመርን። ወዛደሮቹ ወረዱ። አባቴ ግን ነፋሱ ጆንያውን እንዳይገልጠው ላዩ ላይ ተኝቶበታል አሉ። ከፊት ያለው ቦታው ባዶ ቀረ።

መጋረጃው እንደገና ተከፍቶ ቲያትሩ ቀጠለ፤ ተራዬም ደረሰ። ለቲያትሩ በተሠራው በር ፊት ቆምኩና ቀና ብዬ ጣራውን አየሁ። ያ ሁሉ ልምምድ ብን ብሎ ጠፋ።

«አባዬ፣ በቃህ፤ ውረድ» አልኩ።

መጋዘኑ ውስጥ ያልሰማኝ ሰው አልነበረም።

ማታ አባቴ እሳት ዳር ይንቀጠቀጣል፣ እናቴ ጋቢ ትደርብለታለች። ፊቱ ግን ፈክቷል።

«ሰማሁሽ እኮ» አለኝ። «‹አባዬ፣ እኔ ነኝ፤ ክፈትልኝ› አልሽ። ጥርት አድርገሽ ነው ያልሽው።»

እናቴ አየችኝ። እሷ መጋዘኑ ውስጥ ተቀምጣ ያልኩትን ሁሉ ሰምታለች።

«አዎ አባዬ» አልኩት።

ከዚያ ወዲህ ቤታችን እንግዳ በመጣ ቁጥር ያቺን ቃል እየደገመ ያወራት ነበር። እኔና እናቴም እውነቱን ሳንነግረው፣ «አዎ» እንዳልን ቀበርነው።