ለአባቴ የመረጥኩት ድንጋይ

ልጅ ሆኜ ትሕትና በክብደት የሚለካ ይመስለኝ ነበር፤ በዚህ ጅልነቴ የገዛ አባቴን ወገብ ልሰብር ምንም አልቀረኝም። ሰሞኑን ለአጥር የሚሆን ድንጋይ አስመጥቼ፣ ገልባጭ መኪናው ደጄ ላይ ሲዘረግፈው ያ «ጓጓጓ» የሚል ድምፅ ጆሮዬ ገባና፣ ሠራተኞቹ እያዩኝ ብቻዬን ሳቅኩ። ሰውዬው ነካ ሳያደርገው አይቀርም ብለዋል መሰለኝ።

ነገሩ የተጀመረው በክረምት ነው። አባቴ ከሸዋ ተመድቦ ጭሮ የመጣ ጤና ረዳት ነበር፤ የከተማው ሰው ግን «ዶክተር» ይለው ነበር፣ እሱም አንድ ቀን እንኳ «አይደለሁም» ብሎ አያውቅም። ጋሽ ዘውዴ ደግሞ መናኸሪያው አጠገብ ጎማ የሚጠግን ጎሚስታ ነበር። ሁለቱም የአንድ ሚካኤል ማኅበር አባላት ነበሩ፤ በየወሩ በተረኛው ቤት ተሰብስበው ይጸልዩ፣ ጽዋውን ይጠጡ፣ ሲቀላለዱም ያመሹ ነበር። አንድ ዝናባማ የሐምሌ ሚካኤል ታዲያ፣ ጋሽ ዘውዴ ከሥራ በቀጥታ መጥቶ፣ የእጁ ጥቁረት እንዳለ አባቴ አጠገብ ሊቀመጥ ሲል፣ አባቴ ነጭ ጋቢውን ወደ ራሱ ሳብ አደረገ። ሳብ ብቻ። ጋሽ ዘውዴ ግን አየ።

«ሰብስብ ዶክተር፣ ሰብስብ! ጎሚስታ እንዳይነካህ!» ብሎ ጽዋውን ሳይቀምስ ወጣ። በማግስቱ ደግሞ መናኸሪያ ላለው ሹፌር ሁሉ «የዶክተር መርፌ እንኳ ሰው ይመርጣል» እያለ አወራ፤ ወሬውም ለምሳ እኛ ቤት ደረሰ።

ከዚያ ወዲያ ሰላምታ ቀረ። አባቴ የሳይክሉ ጎማ ሲተነፍስበት፣ ጋሽ ዘውዴ ጋ ላለመሄድ ብሎ የጭሮን ዳገት ሳይክል እየገፋ ይወጣ ነበር፤ ሰው ሲጠይቀው «እግሬን ላፍታታ ብዬ ነው» ይል ነበር። ጋሽ ዘውዴም መቀመጫው ላይ ብጉንጅ ወጥቶበት፣ አባቴ እንዳይወጋው ብሎ ሐኪም ቤት ሳይሄድ፣ በአንድ ጎኑ ተቀምጦ ጎማ ሲለጥፍ ሰነበተ። እናቴ «አንዱ መንዳት አቃተው፣ አንዱ መቀመጥ አቃተው፤ እስኪ ማን አሸነፈ ይባላል?» ትል ነበር።

ክረምቱ አልፎ፣ አደዩ ረግፎ፣ የቆላው ማሽላ ሲደርስ፣ የኅዳር ሚካኤል ተራ የእኛ ቤት ሆነ። እናቴ ጌሾ ወቅጣ፣ ጠላ ጠምቃ፣ ዳቦ ጋግራ ስትጨርስ፣ የንስሐ አባታችን በዋዜማው መጥተው ደጃፍ ላይ እንደቆሙ «የተቀያየመ ወንድም እያለ ይሄን ጽዋ አልባርክም፤ ወይ ታረቁ፣ ወይ ጠላውን ለጎረቤት አድሉት» ብለው ሄዱ።

«አንተ ሰውዬ፣» አለችው እናቴ፣ «ይሄን ሁሉ የደከምኩት ለኩራትህ ነው? እዚህ አገር እናት የለኝ፣ እህት የለኝ፤ ያለኝ ይሄ ማኅበር ነው። ነገ ደጄን አልፈውኝ ቢሄዱ በማን ፊት ቀና ብዬ እሄዳለሁ?»

አባቴ ወደ እኔ ዞሮ «ሂድ፣ ድንጋይ ፈልግልኝ» አለኝ። በኛ ዘንድ የበደለ ሰው ድንጋይ ትከሻው ላይ አድርጎ ነበር ይቅርታ የሚጠይቀው፤ የተበደለው እስኪያወርድለት ድረስ አያስቀምጠውም።

እዚህ ጋ ነው እኔ ጉድ የሠራሁት። የሌላ ልጅ አባት ጡጫ በምታህል ድንጋይ ታርቆ አይቻለሁ። የኔ አባት ግን በትሕትና ከተማውን መብለጥ ነበረበት! ወንዝ ወርጄ፣ የሰፈሩን ልጆች አስተባብሬ፣ ካሪዮላ ለምኜ፣ ዓይኔ የገባውን ትልቁን ድንጋይ እየገፋን አመጣነው፤ በመንገድም ለጠየቀን ሁሉ «አባቴ ሊታረቅበት ነው!» እያልኩ አወጅኩ።

አባቴ ድንጋዩን አየ፣ ከዚያ እኔን አየ። «ልጄ፣ ይቅርታ ልጠይቅበት ነው ወይስ መሠረት ልጥልበት?»

«አነሰ እንዴ?» አልኩት።

ጎረቤቱ አጥሩ ላይ ተደርድሯል። በዚያ ሁሉ ዓይን ፊት በትንሽ ይቀየርልኝ ማለት አፈረና፣ ሁለት ሰው አግዞ ጫነለት። እናቴ ስንት ወር አኩርፋ ከርማ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ ሳቀች።

ቁልቁለቱን ወደ ጋሽ ዘውዴ ጋ ወረድን፤ እኔ ከፊት «መንገድ! መንገድ!» እላለሁ። ጫት ሻጯ ፋጡማ «ወሪያ፣ አንተ ዶክተር! ምነው፣ ቤት ፈረሰ እንዴ?» ስትለው፣ «አዎ፣ ያፈረስኩትም እኔው ነኝ» አላት እያለከለከ።

መታጠፊያው ጋ ስንደርስ፣ እግር ያለው ጎማ የሚመስል ነገር ዳገቱን ሽቅብ ሲመጣ አየን። ጋሽ ዘውዴ ነበር፣ የከባድ መኪና ጎማ ትከሻው ላይ ተሸክሞ፣ ላቡ በአፍንጫው እየተንጠባጠበ።

«ዘውዴ፣ ይሄ ምንድን ነው?»

«ድንጋይ ከየት ላምጣ? ያለኝ ጎማ ነው። በመርፌህ ስሳለቅ ከርሜ እንቅልፍ አጣሁ። ይቅር በለኝ።»

«ያጠፋሁት እኔ ነኝ! አንተ አውርድልኝ!»

«የለም፣ አንተ አውርድልኝ!»

«በሰው ፊት ያሳፈርኩህ እኔ ነኝ እኮ!»

«ጥፋቴን ደግሞ ልትቀማኝ ነው?»

ድምፃቸው እየጨመረ ሲሄድ ደነገጥኩና «ኧረ በሚካኤል፣ አንዳችሁ ብቻ አጥፉ!» ብዬ ጮህኩ። ፋጡማ ጫቷን ጥላ ሆዷን ይዛ ሳቀች። ድንጋዩ ከአባቴ ትከሻ ይንሸራተት ጀመር፤ ጋሽ ዘውዴ ድንጋዩን ሊያወርድለት ዘሎ ሲይዝለት፣ ጎማው ከትከሻው አምልጦ ቁልቁል ተንከባለለ። ድንጋዩን እዚያው ጥለው፣ ሁለት የተከበሩ ማኅበርተኞች በአሳፋሪ ፍጥነት ጎማ ሲያባርሩ ጭሮ ቆሞ አየ። ቦይ ውስጥ ሲገባላቸው እላዩ ላይ ወድቀው ተቃቀፉ፤ ይሳቁ ያልቅሱ እንጃ፣ ትከሻቸው ብቻ ይንቀጠቀጥ ነበር።

በማግስቱ ቤታችን ጢም አለ። አባቴ ማንቆርቆሪያ ይዞ እንግዳውን ሁሉ ራሱ አስታጠበ፤ የጋሽ ዘውዴ እጅ ጥቁረት በሳሙናም አልለቅ ሲል «ተወው፣ የሥራ ነው» ብሎ ጎኑ አስቀመጠው። ንስሐ አባታችን ባረኩ፣ እናቴም እልልታዋን አቀለጠችው።

ዛሬም ማኅበሩ አለ፣ እኔም አባል ነኝ፤ አሁን ግን ሰው የሚጣላውም የሚታረቀውም በስልክ ሆኗል። አምና ከአንድ ማኅበርተኛ ጋር ተቀያይሜ፣ «ይቅርታ» ብዬ የአበባ ሥዕል ጨምሬ ላክሁለት፤ እሱም የአውራ ጣት ሥዕል መለሰልኝ። ታርቀናል ማለት ነው፤ ግን እስካሁን እሱ በዚህ ጥግ፣ እኔ በዚያ ጥግ ነው የምንቀመጠው። አባቴ ካረፈ ቆይቷል። ጋሽ ዘውዴ ግን ልጁ በሚሠራበት ሱቅ በር ላይ ፀሐይ ሲሞቅ አይጠፋም፣ ይሄንኑ አጫወትኩት።

«የሰውዬው ቤት የት ነው?» አለኝ።

«ከኔ ቤት ፊት ለፊት።»

ጥርስ በሌለው ድዱ ሳቀብኝ።

«ያን ቀን አባትህ ባዶ እጁን ቢመጣም እታረቀው ነበር፣» አለኝ። «ግን መምጣት ነበረበት።»