በአንድ ላፕቶፕ ሁለት ሲስተም

ከባለቤቴ ከመስፍን ጋር መጨረሻ የሠራነው የመመረቂያ ጽሑፏን የምትጽፍ የአንዲት ተማሪ ላፕቶፕ ነበር። ሰብለ ትባላለች። ዊንዶውሷ እንዳለ ሆኖ ጎኑ ላይ ሊኑክስ የሚባለው ሌላ ሲስተም እንዲጫንላት ፈልጋ ነው ያመጣችው። እሱ ከዲስኩ ላይ ለአዲሱ ሲስተም ባዶ ቦታ ለየ፤ እኔ የመጫኛውን ፍላሽ አዘጋጀሁ። ልንጀምር ስንል መብራት ጠፋ። «በባትሪ አንጀምረውም፣ ለነገ ይደር» አለኝ። ለቡ ካለው የኮምፒውተር መጠገኛ ሱቃችን ወደ ቤት በእግር ሄድን። መንገድ ላይ ሽንኩርት ገዛን። በማግሥቱ ጠዋት ልቡ ቆመ።

ወደዚህ ሥራ የገባሁት ከአሥራ አራት ዓመት በፊት ነው። ጸሐፊ ሆኜ የምሠራበት ቢሮ ሲዘጋ መስፍን ሱቁ ውስጥ ወንበር ሰጠኝ። የመጀመሪያ ቀን ሥራዬ ከተፈታ ላፕቶፕ የወጡ ብሎኖችን በየመጠናቸው መደርደር ነበር።

«ይኼም ሥራ ሆኖ ነው?» አልኩት።

«አስቱ፣ አንድ ብሎን የተረፈሽ ቀን ይገባሻል።»

ከሰዓት በኋላ መልሼ ስገጥም ሁለት ተረፉኝ።

በሦስተኛው ዓመት ከባዱን ጥፋት አጠፋሁ። የአንድ መምህር ላፕቶፕ ላይ ሁለተኛ ሲስተም እየጫንኩ ነበር። ስክሪኑ ላይ ሁለት ምርጫ ይመጣል፤ አንደኛው ከነባሩ ጎን ይጭናል፣ ሌላኛው ዲስኩን ጠርጎ ይጭናል። እጄ ለምዶት ስለነበር ሳላነብ ተጫንኩ። የፋይሎቹን ግልባጭም አልያዝኩም። መምህሩ ለዓመታት ያዘጋጀው የማስተማሪያ ማስታወሻ ሁሉ ሄደ።

ሰውየው ሲመጣ ቀና ብዬ ማየት አቃተኝ። መስፍን ከወንበሩ ተነሣ።

«መምህር፣ ፋይሎችዎን አጥፍተንብዎታል።»

«ማነው ያጠፋው?»

«እኛ።»

መምህሩ ላፕቶፑን አንሥቶ «እንግዲህ ከተማሪዎቼ ደብተር ልለምን ነዋ» ብሎ ወጣ። ቀልዶ ይሁን ተቆጥቶ እስከ ዛሬ አላውቅም። ከዚያ በኋላ ሳንገለብጥ ዲስክ ነክተን አናውቅም። እስከ የት እንደደረስንም ፕላስተር ላይ ጽፈን ክዳኑ ላይ እንለጥፋለን።

መስፍን ከተቀበረ በኋላ ሰብለ ሦስት ቀን ለቅሶ ቤት ተቀመጠች። ውሃ አደለች፣ ወንበር አመላለሰች። ስለ ላፕቶፑ አንዲት ቃል አልተነፈሰችም። እኔም አላስታወስኩም። አርባው እስኪወጣ ድረስ ሱቁን አልከፈትኩትም።

የከፈትኩ ዕለት ላፕቶፑን ጠረጴዛው ላይ አገኘሁት። ፕላስተሩ ላይ በመስፍን እጅ «ተገልብጧል። ቦታ ተለይቷል። ቀሪ፦ መጫን» የሚል ተጽፏል። ቁጭ ብዬ አየሁት። ለሰብለ ደወልኩላት።

«ሰብልዬ፣ ላፕቶፕሽ እኮ እዚሁ ነው።»

«አውቃለሁ እትዬ አስቴር።»

«ታዲያ የመመረቂያ ጽሑፍሽ እዚህ ውስጥ ሆኖ ዝም ትያለሽ?»

«በሐዘን ቤት ላፕቶፕ ይጠየቃል እንዴ?»

«መቼ ነው የምታስረክቢው?»

«ዓርብ። አማካሪዬ ሁለቴ ጊዜ ጨምሮልኛል። ሦስተኛ የለም ብሏል።»

ዕለቱ ማክሰኞ ነበር።

ከፉሪ በታክሲ ደረሰች። መስፍን አጠገቤ ሳይኖር ሲስተም ጭኜ ስለማላውቅ ፈራሁ። «ሊኑክሱ ይቅርና ፋይልሽን ይዘሽ ብትሄጂስ?» አልኳት።

«መረጃዬን የምተነትንበት ፕሮግራም በሊኑክስ ብቻ ነው የሚሠራው። ያለሱ የመጨረሻው ምዕራፍ የለም።»

መጀመሪያ መስፍን የያዘውን ግልባጭ ከፈትኩ። ጽሑፏን ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው አሳየኋት። ባትሪው እስኪሞላ ጠበቅን። ከዚያ ፍላሹን ሰካሁና ጀመርኩ። ሁለቱ ምርጫዎች ሲመጡ እጄ ቆመ።

«ምን ሆኑ?» አለችኝ።

«አንድ መምህር ትዝ ብሎኝ ነው።»

ሁለቴ አነበብኩ። ከነባሩ ጎን የሚጭነውን መረጥኩ፤ ቦታውም መስፍን የለየው መሆኑን ከመጠኑ አረጋገጥኩ። ተጫንኩ። ጭነቱ ግማሽ ሰዓት ያህል ወሰደ። ላፕቶፑ ጠፍቶ ሲነሣ የሁለቱንም ሲስተም ስም ደርድሮ አሳየን። አስቀድሜ ወደ ዊንዶውሱ ገባሁ። ጽሑፏ በቦታው አለ።

ሰብለ ገጾቹን አገላብጣ አየች። «እውነቱን ልንገርዎት? ይኼን የሚችሉት ጋሽ መስፍን ብቻ ይመስለኝ ነበር።»

«እኔም» አልኳት።

እሷን ከሸኘሁ በኋላ መደርደሪያውን አንድ በአንድ ፈተሽኩ። የሌሎች ሰዎች አራት ላፕቶፖች አገኘሁ። የላፕቶፖቹ ባለቤቶች አራቱም ለቅሶ ደርሰውኛል። ስለ ዕቃው ያነሣ ግን አንድም አልነበረም። ለሁሉም በዚያው ቀን ደወልኩ።

ደንበኛ ዝም ቢል አልቸኮለም ማለት አይደለም፤ ሐዘንተኛን መጠየቅ ይሉኝታ ይይዘዋል። መደወል ያለበት ዕቃውን የያዘው ነው።

አሁን ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ሱቁን እከፍታለሁ። ሲስተም የምጭነው ብቻዬን ነው።