ሰማያዊው የጾም ባጃጅ

እትዬ አስቴር ቤት ሥራ የጀመርኩ ቀን መጀመሪያ የተመረመረው ጥፍሬ ነው። ቀጥሎ ሰዓቴን አስወለቁኝ፣ እጄን እስከ ክርኔ በሳሙና አሳጠቡኝ፤ ከዚያ አንድ ድብልብል ነጭ የስኳር ሊጥ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠው «በደንብ እሸው» አሉኝ። ቤሌ ከተማ፣ ዳቦ ቤት ውስጥ ሦስት ዓመት የሠራሁ ሰው ነኝ፤ ማሸት ማን ያስተምረኛል ብዬ በቡጢ ገጠምኩት።

«ዳቦ አይደለም እኮ፣ ማርቆስ። ምን በደለህና ትደበድበዋለህ?»

ሊጡ ፎንዳንት ይባላል። በወንፊት የተነፋ፣ አይሲንግ የሚሉት እንደ ዱቄት የላመ ስኳር ከግሉኮስ፣ ከሚረጋ ዘይትና በውኃ ርሶ ከቀለጠ ጀላቲን ጋር ይታሻል፤ በመዳመጫ ሳስቶ ኬኩን ያለብሱታል። ከደበደቡት አየር ይይዝና ሲዳመጥ ብጉር ያወጣል። የእኔው ከላይ እስከ ታች ብጉር ነበር። እትዬ አስቴር አልተቆጡም፤ መልሰው አሽተው አስተካከሉትና ወንፊቱን ሰጡኝ። ረዳት ተባልኩ። ማዕረጉ ትልቅ እንዳይመስላችሁ፣ ስምንት ወር ሙሉ ስኳር ነፋሁ።

እሳቸው ሶዶ ውስጥ የቤት ኢኮኖሚክስ ያስተማሩ፣ ጡረታ ሲወጡ ሳሎናቸውን ኬክ መሥሪያ ያደረጉ ሴት ናቸው። በራቸው ላይ ማስታወቂያ የለም። ትእዛዝ የሚመጣላቸው ከድሮ ተማሪዎቻቸውና ከቸርች ጓደኞቻቸው ነበር። አንድ የማያወላዳ ሕግ ነበራቸው፦ ኬክ መንገድ ላይ ራቁቱን ይሄዳል፣ ልብሱን ደንበኛው ቤት ይለብሳል። የሚኒባስ ሹፌር ፍሬን በያዘ ቁጥር የሚሰነጠቅ ፎንዳንት አይቼ ስለነበር ሕጉን ወድጄዋለሁ፤ ኬኩን ጭኔ ላይ አቅፌ የምሄደው እኔ መሆኔን ባልወደውም።

ባጃጅ ቦዲቲ ውስጥ ገና ብርቅ በነበረበት ጊዜ፣ በነሐሴ ወር፣ እዚያው ቦዲቲ የምትኖረው የድሮ ተማሪያቸው ወይዘሮ አልማዝ ለልጇ ልደት ኬክ አዘዘች። ባለቤቷ አዲስ ባጃጅ ገዝቶ ስለነበር ልጅቷ ሰማያዊ ባጃጅ ካልሆነ አለች። ቤተሰቡ ኦርቶዶክስ ነው፤ ወሩ ደግሞ ፍልሰታ። ኬኩን ያለ እንቁላልና ያለ ወተት በዘይትና በሙዝ ጋገርነው፤ በቢላ ቀርጸን ባጃጅ አስመሰልነው።

በር ላይ የተቀበለችን ባለልደቷ ቤዛ ነበረች። ሰባት ዓመት መሙላቷ ነው፤ ፍልሰታን ስትጾም የመጀመሪያዋ ነው። ሰላምታም ሳትሰጥ፣

«እትዬ፣ ኬኩ የጾም ነው?» አለች።

«አዎ፣ የጾም ነው።»

«እኔ እኮ አንድም ቀን አልገደፍኩም።»

«ጎበዝ!» አሏትና ግንባሯን ሳሙ።

ወጥ ቤት ገብተን ፎንዳንቱን ከላስቲኩ አወጣሁ። ልጅቷ ጠረጴዛው ጥግ አገጯን አስደግፋ ታያለች። ጉራዬ መጣና ሊጡን በሁለት እጄ ሳብ አድርጌ አሳየኋት።

«ለምን አይበጠስም?»

«ጀላቲን አለዋ!»

«ጀላቲን ምንድን ነው?»

ወደ አሠሪዬ ዞርኩ። እትዬ አስቴር ለልጅ ጥያቄ በግምት መልስ አይሰጡም። መነጽራቸውን አደረጉና የተረፈውን የጀላቲን ፓኬት ከቦርሳ አውጥተው በእንግሊዝኛ የተጻፈውን አነበቡ። ከዚያ ፓኬቱን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱ።

«ቤዛዬ፣ እናትሽን ጥሪልኝ» አሏት።

ልጅቷ ስትወጣ ወደ እኔ ዞሩ። «ከከብት ቆዳና አጥንት ነው የሚሠራው። ይሄን ያህል ዓመት ስጠቀምበት አንድ ቀን እንኳ አላሰብኩትም።»

«ማን ያውቃል?» አልኩ። እውነቱን ልናገር፣ ያን ጊዜ የታየኝ እንደገና የማሸቱ ድካም ብቻ ነው። «ደግሞ እኛ ጴንጤዎች ነን፤ ፍልሰታን መቼ ጾመን እናውቃለን?»

«እኛ አልጾምንም። እሷ ግን ጾማለች።»

ወይዘሮ አልማዝ ገባች። ምንም ሳይደብቁ ነገሯት። ሴትየዋ ደነገጠች፣ ግን ጨዋ ናት።

«ኧረ እትዬ፣ ልጅ አይደለች እንዴ? እግዜር ያውቃል። ይለፍ። እንግዳ እኮ በዘጠኝ ሰዓት ይመጣል።»

«አንቺ ፈቀድሽ፣ አልማዝ። እሷ አልፈቀደችም። በር ላይ ጠየቀችኝ፣ ‹አዎ› አልኳት። እስክትቀምሰው ድረስ ውሸቴን እውነት ማድረግ እችላለሁ። ቡላ አለሽ?»

ያን ጊዜ እትዬ አስቴር የዞረባቸው መሰለኝ። ቡላ የእንሰት ነጭ ዱቄት ነው፤ በወላይታ የማያውቀው የለም፤ ገንፎ ይሆናል፣ አራስ ይጠገንበታል። ከኬክ ጋር ግን አስተዋውቆት የሚያውቅ ሰው አልነበረም። እትዬ አስቴር ሁለት ማንኪያ ቡላ በውኃ በጥብጠው እሳት ላይ ጣዱና፣ መስተዋት መስሎ እስኪያያዝ አማሰሉት። ማንኪያውን ሲያነሱት እንደ ሙጫ ተሳበ።

«ጀላቲን ከዚህ ምን ይበልጣል?» አሉ።

አይሲንግ ስኳራችን ግን ፎንዳንቱ ውስጥ አልቋል። ዕጣው ለእኔ ደረሰ። የቤቱን ስኳር ሙቀጫ ውስጥ ጨምሬ ወቀጥኩ፣ በወንፊት ነፋሁ፣ ደግሜ በስስ ጨርቅ ነፋሁ። የወቀጥኩት ስኳር ከቅንድቤ ላይ ሳይቀር ይራገፍ ነበር። የቤዛ አባት ብቅ ብሎ «ወንድም፣ ዛሬ አንተ ነህ እንዴ ኬኩ?» ብሎ ሄደ።

የመጀመሪያው ሊጥ ተበጣጠሰ። ስድስት ሰዓት ሆኗል። እትዬ አስቴር ቁጭ ብለው እጃቸውን አዩ፤ ጭንቀታቸውን ያየሁት ያኔ ብቻ ነው። ግሉኮስ ጨመሩ፣ ዘይት ጨመሩ፣ በእርጥብ ጨርቅ ሸፍነው አሳረፉት። ሁለተኛው ተዳመጠ፤ ነገር ግን ኬኩን በአንድ ወጥ ሽፋን ለማልበስ አልጠነከረም፣ ጥጉ ላይ ይቀደዳል።

«ባጃጅስ ፋብሪካ ውስጥ በአንድ ቆርቆሮ ነው የሚሠራው?» ብለው ቢላ አነሱ። ጣሪያውን ለብቻ፣ ጎኑን ለብቻ፣ ፊቱን ለብቻ ቆርጠው በውኃ እያራሱ አጣበቁ። መጋጠሚያው እውነተኛውን የባጃጅ አካል መሰለ። ቡላው ወደ ግራጫ ያደላ ነበር፤ ሊጡ ውስጥ ያሸነው ሰማያዊ ቀለም ግን ግራጫውን ዋጠው፤ ቀለም ያልገባበትን ጎማ አደረጉት። ቀጥ ብዬ ቆሜ አየኋቸው። በዚህ ሥራ ላይ እንደዚያ ቀን ያኮራኝ ሰው የለም።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ቤቱ ሞላ። ቤዛ ባጃጁን ዞራ ዞራ አየችው፤ መብራቱን፣ ጎማውን፣ የአባቷን ታርጋ ሳይቀር። ሻማ ከመለኮሱ በፊት ወደ እኔ መጣች፤ እትዬ አስቴር እጃቸውን እየታጠቡ ነበር።

«ጋሼ፣ ሁሉም የጾም ነው? ጎማውም?»

«ጎማውም የጾም ነው» አልኳት።

ደግሜ ማሰብ አላስፈለገኝም። ማለዳ ያሸሁት ፎንዳንት ተለብሶ ቢሆን ኖሮ ለዚህች ልጅ ምን እመልስላት ነበር? እትዬ አስቴር በሩ ላይ ቆመው ሰምተውኝ ኖሯል፤ በፎጣ እጃቸውን እያደረቁ ራሳቸውን ነቀነቁልኝ። ቤዛ «ጋላታይስ» ብላ በወላይትኛ አመሰገነችኝና ጎማውን አንስታ በላች።

ዛሬ የራሴ ኬክ ቤት አለኝ፤ ወንፊት የሚይዙ ረዳቶችም አሉኝ። ሥራ ሲጀምሩ ጥፍራቸውን አያለሁ፣ ሰዓታቸውን አስወልቃለሁ፣ ከዚያ አንድ ነገር እነግራቸዋለሁ። «አዎ» ከማለታችሁ በፊት ፓኬቱን አንብቡ። ሳታነቡ «አዎ» ካላችሁም፣ ደንበኛው ሳይቀምሰው እውነት አድርጉት።