እትዬ ሜትርና የጠበበው ዓምድ

እትዬ ሜትር የሚለውን ስም ያወጡላቸው ተዋንያኑ ናቸው፤ የልብስ መለኪያ ሜትር ከአንገታቸው ወርዶ አያውቅማ። በቴአትር ቤቱ የአልባሳት ክፍል ሃያ ሁለት ዓመት ሠርተዋል። የትኛው ካባ የት እንደተሰቀለ፣ የማን ሱሪ ስንት ሳንቲ ሜትር እንደሆነ ቢጠየቁ ዓይናቸውን ጨፍነው ይናገራሉ። አዲሱ ሥራ አስኪያጅ ግን አንድ ጠዋት መጣና፣ “እትዬ፣ እርስዎን አንድ ቀን ቢያምዎት እኛ ራቁታችንን መድረክ ልንወጣ ነው? ሁሉም ነገር ኤክሴል ላይ ይግባ” አላቸው። አንድ አሮጌ ኮምፒዩተርም ከካውያው አጠገብ አስቀመጠላቸው።

ሦስት ቀን ጨርቅ አልብሰው ተዉት። በአራተኛው ቀን ኩራታቸውን ዋጥ አድርገው ለምራታቸው ደወሉ። ምራትየዋ በአንድ ክሊኒክ ካርድ ክፍል የምትሠራ ዝምተኛ ልጅ ናት። ልጃቸውን ካገባች አራት ዓመቷ ቢሆንም፣ ሁለቱ ከሰላምታ አልፈው ብዙ ተጫውተው አያውቁም። እሷ ግን አንዴም ሳታንገራግር ቅዳሜ በጠዋቱ ከች አለች።

“እማማ፣ ይሄ ወደ ታች የሚወርደው ዓምድ ነው። ወደ ጎን የሚሄደው ደግሞ ረድፍ። ሁለቱ የሚገናኙባት እያንዳንዷ ሣጥን አንድ ነገር ብቻ ትይዛለች።”

“ለአንድ ኪስ አንድ ዕቃ” አሉ እትዬ ሜትር።

“ልክ እንደሱ።”

በመጀመሪያው ዓምድ የተዋናዩን ስም፣ ቀጥሎ የልብሱን ቁጥር፣ ከዚያ የሱሪውን ርዝመት፣ በመጨረሻም ልብሱ የታጠበበትን ቀን በአንድ ጣት እየለቀሙ ጻፉ። ቀኑን ጽፈው ሲጨርሱ ግን ጽሑፉ ድርግም አለና ሣጥኗ አጥር በሚመስል ምልክት ተሞላች።

“በላው!” ብለው እጃቸውን ሰበሰቡ።

“አልበላውም እማማ፣ ዓምዱ ጠቦበት ነው።”

እትዬ ሜትር መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው ምራታቸውን አዩአት። “ታዲያ ከመጀመሪያው ወገቡን ይልቀቁለት አትይኝም!” የዓምዱን ጠርዝ በማውሱ ይዘው ሳብ ሲያደርጉት ቀኑ ብቅ አለ። ያን ጊዜ ፍርሃታቸው ለቀቃቸው።

ድፍረቱ ግን ትንሽ በዛ። ማክሰኞ ብቻቸውን ቁጭ ብለው ስሞቹን በፊደል ተራ ደረደሩ፣ አተሙ፣ ወረቀቱንም ተዋንያኑን ለሚያለብሱ ሁለት አዳዲስ ረዳቶች ሰጡ። በማግስቱ በሙሉ ልብስ ልምምድ ነበር። መጋረጃው ሲገለጥ ቁመተ ሎጋው ንጉሥ ሱሪው ጉልበቱ ላይ ቀርቶበት ብቅ አለ። ተከትሎት የገባው ድንክዬው አማካሪ እጅ ልንሳ ብሎ ጎንበስ ሲል የገዛ ሱሪው ጠልፎ ጣለው። አዘጋጁ ሳይቀር ሆዱን ይዞ ሳቀ። እትዬ ሜትር ፊታቸው እንደ በርበሬ ቀልቶ ወደ ክፍላቸው ገቡና ስልክ አነሱ።

“አንቺ፣ ይሄ ጉድ የሰዉን ሁሉ ልብስ አቀያየረብኝ!”

“ሲደረድሩት አንድ ነገር አልጠየቀዎትም?”

“ጠየቀኝ። ሁለት ምርጫ ሰጠኝ፤ ሥራ ላይ ስለነበርኩ የታችኛውን ነካሁና አሰናበትኩት።”

ያቺ ዝምተኛ ልጅ ሳቋን ለቀቀችው። “እማማ፣ ስሞቹን ብቻ እኮ ነው ያዛወሯቸው! ልብሶቹ ባሉበት ቀሩ። የላይኛውን ቢነኩ ረድፉ ሁሉ አብሮ ይሄድ ነበር።”

“ስሙ ሄዶ ሱሪው ቀረ በይኛ!” አሉና እሳቸውም ሳቁ፤ እንባቸው እስኪመጣ።

ከሰዓት በኋላውን ስሞቹን ከጭንቅላታቸው እያወጡ አንድ በአንድ ወደየቦታቸው መለሱ። ከዚያም እንደገና ደረደሩ፤ ያችን ጥያቄ ሁለት ጊዜ አንብበው፣ የላይኛውን ነክተው። ንጉሡም አማካሪውም በየሱሪያቸው ገቡ፤ ቴአትሩም በቀኑ ተከፈተ።

አሁን አዘጋጁ “ከመቶ ሳንቲ ሜትር በላይ የሆኑ ሱሪዎች ስንት አሉን?” ሲል እትዬ ሜትር አይነሱም። ሁለት ቦታ ጠቅ ጠቅ ያደርጉና “ዘጠኝ፤ ሁለቱ አልታጠቡም” ይላሉ። ቅዳሜ ቅዳሜ ምራትየዋ ትመጣለች፤ ትንሽ ይማራሉ፣ ብዙ ያወራሉ። ባለፈው ሳምንት የመድረክ ዕቃ ጠባቂው በሩ ላይ ቆሞ፣ ሰይፎቹንና ወንበሮቹን እንዴት አድርጎ እንደሚመዘግብ ጠየቃቸው።

እትዬ ሜትር ወንበር ሳቡለት። “ቁጭ በል። መጀመሪያ ግን ይሄ ጉድ ምንም ነገር ሲጠይቅህ ዝም ብለህ እሺ እንዳትለው።”