ሐረጎ ላይ የጠፋችው «አ»

ሥራ የጀመርኩ ቀን መሰላል ተሸከምኩ። ዲፕሎማዬ በፕላስቲክ ተሸፍኖ ቦርሳዬ ውስጥ ነበር፤ ጫማዬም ተረከዝ ነበረው። ኮምፒውተር ፊት ቁጭ የምል መስሎኝ እኮ ነው። ደሴ ውስጥ የቢሮ ስልክ የምትዘረጋው የትንሿ ድርጅታችን ባለቤት ጋሽ መኮንን ጫማዬን አዩና «ነገ በሸራ ጫማ» አሉኝ። ከዚያ የመሰላሉን አንድ ጫፍ ለእኔ ሰጥተው ሌላውን እሳቸው ያዙ፤ ከፒያሳ እስከ ሸዋ በር እንደዚያ ሄድን። የሚያውቁኝ ሁሉ አዩኝ።

ጋሽ መኮንን ያደጉት በመዳብ ሽቦ ዘመን ነው። በኢንተርኔት የሚሄደውን ስልክ የለመዱት ዘግይተው ስለሆነ ቃላቱን የሚያስተምሩኝ በሚያውቁት መንገድ ነበር። መንገድ ስል የእውነት መንገድ ማለቴ ነው፤ ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሚወርደውን።

«ድምፅሽ ተቆራርጦ ሚኒባስ ላይ ይጫናል» ይሉኛል። «እያንዳንዷ ሚኒባስ ፓኬት ናት። የሐረጎን ቁልቁለት ወርዳ ኮምቦልቻ እስክትገባ የሚፈጀው ጊዜ ሌተንሲ ነው። ተከታትለው ወጥተው አንዷ ፈጥና አንዷ ዘግይታ ከደረሱ ጂተር ይባላል። አንዷ መንገድ ላይ ከቀረችስ?»

«ፓኬት ሎስ» እላለሁ ፈጠን ብዬ።

«ተሳፋሪውን እግዜር ያትርፍ በይ መጀመሪያ» ይሉኛል።

እንዲህ እየሳቅን ተማርኩ። እስከ ዛሬ ጂተር የሚል ቃል ስሰማ መናኸሪያ ውስጥ ቆሞ የሚጮህ ረዳት ይታየኛል።

አንድ አመል አለኝ፤ ስናገር እፈጥናለሁ። እናቴ «ምላስሽን ማን እያሳደደው ነው?» ትለኛለች። ስልክ ስፈትሽም «አሎ አንድ ሁለት ሦስት ይሰማል እሺ ቻው» ብዬ በአንድ ትንፋሽ እጨርሳለሁ። ጋሽ መኮንን ይህን እንደ ጉብዝና ይቆጥሩልኝ ነበር።

ከዘረጋኋቸው ስልኮች ሁሉ የማልረሳው የአንድ ዱቄት ፋብሪካ ስልክ ነው። ቢሮው ደሴ፣ ወፍጮውና መጋዘኑ ኮምቦልቻ ነበሩ። ባለቤቷ ወይዘሮ ጥሩወርቅ ረጋ ያሉ ሰው ናቸው። የነገሩን ስም ይጠሩና ዝም ይላሉ፤ ሰሚው «አቤት» ሲል ነው ማሰሪያውን የሚጨምሩት። ቃልም አያበዙም። መጋዘኑን የያዙት ደግሞ የሐርቡ ሰው ጋሽ እንድሪስ ነበሩ፤ ቀልድ የማያልቅባቸው።

ስልኩ በገባ ሰሞን ጋሽ እንድሪስ «ይሄ ስልክሽ ስም ይበላል» አሉኝ። «እትዬ ጥሩወርቅ ሲጠሩኝ ድሪስ ሆኜ ነው የምደርስ። የደሴ ብርድ አፋቸውን ይዞት ይሆን?»

ሳቅኩና ኬብሌን ጠቅልዬ ወጣሁ። ቀልድ ነበር የመሰለኝ።

ክረምት ገባ። ኩታበር ላለ ደንበኛ ዱቄት ሊጫን ተዘጋጅቶ ሳለ የደንበኛው መጋዘን ጣራ እንደሚያፈስ ተሰማ። ወይዘሮ ጥሩወርቅ ወደ ኮምቦልቻ ደወሉ። ጭነቱ ግን ሄደ። ኩታበር ሲደርስ የሚገባበት ደረቅ ቦታ ጠፋ፤ ዱቄቱ በየጆንያው ሊጥ ሆነ።

«የኩታበሩ አይጫን ብዬዋለሁ» አሉ ወይዘሮ ጥሩወርቅ።

«የኩታበሩ ይጫን ነው ያሉኝ» አሉ ጋሽ እንድሪስ።

ወይዘሮዋ በሚካኤል ማሉ። ጋሽ እንድሪስ ወላሂ አሉ። በመጨረሻ ጋሽ እንድሪስ የመጋዘኑን ቁልፍ በማግስቱ እንዲያስረክቡ ተነገራቸው።

እኔን በነጋታው ጠዋት የጠሩኝ ስልኩ ደህና መሆን አለመሆኑን እንድናገር ነው። ደሴ ቢሮ ገብቼ ደወልኩና እንደ ልማዴ በአንድ ትንፋሽ ፈተሽኩ። ድምፄ ኮምቦልቻ ጥርት ብሎ ደረሰ። «ስልኩ ምንም የለበትም» አልኩ።

ወይዘሮ ጥሩወርቅ ደስ አላላቸውም። «ስልኩ በሆነ ብዬ ነበር» አሉ ቀስ ብለው። «እንድሪስ ዋሽቶኝ አያውቅም።»

ይህን ከሰማሁ በኋላ መቀመጥ አልቻልኩም። የወዲያኛውን ጫፍ ልይ ብዬ ኮምቦልቻ ወረድኩ። ጋሽ እንድሪስ ጆንያ ላይ ተቀምጠው ቁልፉን በጨርቅ ይወለውላሉ።

«ሥራስ ሌላ ይገኛል የኔ ልጅ» አሉኝ። «ውሸታም ተብዬ ግን ሐርቡ በምን ዓይኔ እገባለሁ? የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ ይባላል። እኔ የሰማሁትን ነው የሠራሁ።»

አንገቴን ስደፋ እሳቸው «አብሽሪ፣ አላህ ያውቃል» ብለው እኔን አጽናኑኝ። አንጀቴን በሉኝ።

ኬብሉን፣ መስመሩን የሚያከፋፍለውን ስዊች፣ የስልኩን መሰኪያ አንድ በአንድ አየሁ። ሁሉም ደህና ነው። በመሃል ስልኩ ጮኸና አነሳሁት። ወይዘሮ ጥሩወርቅ ነበሩ።

«ምሳሽን» አሉኝ።

«አቤት» አልኩ።

«ብዪ» አሉና ዘጉት።

ደግ ሴት ናቸው አልኩና ከጋሽ እንድሪስ ጋር ሽሮ ቀረብን። ቀኑ እንዲያ ከፍቶባቸውም ማጉረሱን አልተዉም። ቀበቶዬን እስክፈታ በላሁ።

ደሴ ስመለስ የወይዘሮ ጥሩወርቅ ጠረጴዛ ላይ ምሳ ተዘርግቷል። መሃሉ ላይ የሽምብራ ዓሣ ይታየኛል። «ታጠቢ» አሉኝ።

«በልቻለሁ፤ ጋሽ እንድሪስ አጥግበው ነው የላኩኝ» አልኩ።

ቅር አላቸው። «አትብዪ አልኩሽ እኮ።»

«ኧረ ብዪ ነው ያሉኝ።»

«በሚካኤል አትብዪ ነው ያልኩሽ» አሉ። እኔም በማርያም ልምል አፌን ከፈትኩና እንደተከፈተ ቀረ። እሳቸውም ዓይናቸው ፈጠጠ። እሳቸውና ጋሽ እንድሪስ ትናንት እንደተማማሉት እኔና እሳቸውም ልንማማል ነበር፤ ሁለታችንም ደግሞ እውነታችንን ነው።

ወዲያው ኮምቦልቻ ደወልኩና ስፒከሩን ከፈትኩ። «ጋሽ እንድሪስ፣ የሚሰሙትን መልሰው ይንገሩኝ» አልኩ። ወይዘሮ ጥሩወርቅን ደግሞ በራሳቸው አነጋገር፣ ሳይቸኩሉ እንዲያወሩ ለመንኳቸው።

«ጆንያው» አሉ። ጋሽ እንድሪስ «አቤት» እስኪሉ ጠበቁ። «አይነሳ» አሉ።

«ይነሳ ብለዋል» አሉ ጋሽ እንድሪስ። «ላስነሳው?»

ሳቄ አመለጠኝ። እንዲያ የሳቅኩበት ቀን ትዝ አይለኝም።

ነገሩ ሳይለንስ ሰፕረሽን የሚባለው ነው። ሰው ዝም ሲል መሣሪያው መስመር ለመቆጠብ ድምፅ መላኩን ያቆማል። ሰውዬው እንደገና ሲናገር እንደሚያንቀላፋ ዘበኛ ነቅቶ በሩን እስኪከፍት የቃሉ መጀመሪያ ያመልጠዋል። ከካርቶኑ ሲወጣ ጀምሮ በርቶ የመጣ ቅንብር ነበር። እኔ ስናገር ስለማላርፍ ዘበኛው አያንቀላፋም። ወይዘሮ ጥሩወርቅ ግን ባረፉ ቁጥር አንዲት «አ» ሐረጎ ላይ ትቀራለች። በእኛ ቋንቋ ደግሞ «አትብዪ»ን «ብዪ»፣ «አይጫን»ን «ይጫን» ለማድረግ እሷ፣ አንዳንዴም «ት»ን አስከትላ፣ ከጠፋች ይበቃል።

የሁለቱንም ጫፍ መሣሪያ እዚያው ደሴ ሆኜ በኮምፒውተር ከፍቼ ቅንብሩን አጠፋሁት። ከዚያ እንደገና ደውዬ፣ ስፒከሩ እንደተከፈተ ስልኩን ለወይዘሮ ጥሩወርቅ ሰጠሁ።

«እንድሪስ» አሉ። ዝም ብለው ጠበቁ።

«አቤት» አሉ ከወዲያ።

«አልዋሸህም። ቁልፉ አንተው ጋ ይሁን።»

ዝምታውም አሁን ስለሚያልፍ የወፍጮው ድምፅ ከሩቅ ይሰማን ነበር። ዓይኔን እንባ ሞላው፤ ደስ ብሎኝ ነው።

«እትዬ» አሉ ጋሽ እንድሪስ ቆይተው። «ዛሬ ስሜን ሙሉውን ጠሩኝ።»

ከዚያ ቁጭ ብዬ ሁለተኛውን ምሳ በላሁ፤ እምቢ የምልበት አፍ አልነበረኝም።

አሁን መሰላሉን የማሸክመው እኔ ነኝ። አብረውኝ ለሚሠሩት የምነግራቸው ይህን ነው። ስልክ ስትፈትሹ አንድ ሁለት ሦስት አትቁጠሩ። ተናገሩ፣ ዝም በሉ፣ ከዚያ «አይጫን» በሉ። ከወዲያ ማዶ «አይጫን» ተብሎ ከተመለሰላችሁ መሣሪያችሁን ሰብስባችሁ ሂዱ።