በዜማ የማያልቅ ዘፈን

ድሩሲላ ፓርዲ ጠዋት ከአልጋዋ እንደወረደች፣ ሻይ ሳትጥድ፣ መዳፏን የወጥ ቤቱ መስኮት ላይ ትለጥፋለች። የመስታወቱ ቅዝቃዜና ንዝረት ነፋሱ ከየት እንደሚነፍስ ይነግራታል። ከቤቷ ወደ ባሕር የሚወጣ ሰው ከጠፋ ሃያ ዓመት ሆኖታል፤ እጇ ግን ይህን አልሰማም።

ኒውፋውንድላንድ ደሴት ላይ፣ በተወለደችበት ወደብ፣ ገና በአሥራ ስድስት ዓመቷ ዓሣ ፋብሪካ ገባች። ፋብሪካው እስኪዘጋ ድረስ ቢላ ይዛ ቆማ ዓሣ ስትበልት ኖረች፤ ማሽኑ ሲጮህ እሷ ከማሽኑ በላይ ትዘፍን ነበር። ባሏ ሌቪ ሲሞት መረቡን ለጎረቤት ሰጠች። አባቷ ያስተማሯትን፣ ስለ ሰጠመችው ጀልባ የሚተርከውን ዘፈን ግን የምትሰጠው ሰው አጣች። አሥራ አራት አንጓ ነው። ከእሷ በቀር የሚያውቀው አልቀረም።

ባለፈው መስከረም ሊዮና ቲዛርድ መጣች። አያቷ የዚሁ ወደብ ሰው ነበሩ፤ እሷ ግን ከተማ አድጋ፣ ሙዚቃ ተምራ፣ የድሮ ዘፈኖችን ለአንድ ድምፅና ለፒያኖ ታዘጋጃለች። ድሩሲላ ዓይኗን ጨፍና ዘፈነችላት፤ ሊዮናም በስልኳ ቀዳች። በረዶው ሲቀልጥ ዜማውን የጻፈችበትን ወረቀትና ጄራርድ የሚባል ዘፋኝ ይዛ ተመለሰች። ዘፈኑ ለወደቡ ሰው የሚቀርበው እሑድ ከሰዓት ነበር፤ ቅዳሜ ጠዋት በቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ልምምድ ተደረገ።

ድሩሲላ ከጎረቤቷ ከአብሳሎም ጋር ከፊት ተቀመጠች። ሊዮና የምትጫወተው ፒያኖ ዝቅ ብሎ፣ ጀልባ ከሚታሰርበት የእንጨት መድረክ ሥር እንደሚንቀሳቀስ ውሃ ጀመረ። ወደደችው። በዘጠነኛው አንጓ ላይ አባቷን ያየች መሰላት። ከዚያ ጄራርድ የመጨረሻዎቹን ቃላት፣ «ወደ ቤት አልተመለሱም» የሚለውን፣ ወደ ላይ አንስቶ ያዘው፤ ፒያኖውም ተከትሎት ረጅም መንገድ ሄደ።

«ወይ ጉድ!» አለ አብሳሎም፤ «ይሄን ልጅ ከጣራው ላይ በመሰላል ነው የምናወርደው።»

ድሩሲላ አልሳቀችም። ካፖርቷን አነሳች።

«ልጄ፣ ዘፈኔን መልሺልኝ።»

ሊዮና ከወንበሯ ተነሳች። «እትዬ ድሩሲላ፣ ምን አጠፋሁ?»

«አላለቀማ! መጨረሻውን እኔ እንደዚያ ነው እንዴ ያልኩልሽ?»

«እርስዎማ... በንግግር ነው ያሉት። ትንፋሽ ያጠረዎት መስሎኝ ነው። እንዳያፍሩ ብዬ አስተካከልኩት።»

«ትንፋሽ!» አብሳሎም ጉልበቱን መታ። «ይቺ ሴትዮ? የፋብሪካው ደወል እኮ እሷን አስፈቅዶ ነበር የሚጮኸው!»

«አንተ ዝም በል» አለችው ድሩሲላ። ከዚያ ወደ ልጅቷ ዞረች። «እዚህ የመጨረሻው ቃል ይነገራል እንጂ አይዘፈንም። አባቴ፣ ‹በዘፈን ሰዎቹን ባሕር ላይ አድርሰሻል፣ እኛን ግን በንግግር ወደ ቤት መልሺን› ይለኝ ነበር። ሌላውን ሁሉ ወድጄዋለሁ። ከዚያ ቃል በኋላ ያለውን ፒያኖ ግን ተይው።»

ሊዮና ወረቀቱን አየች። ፊቷ ቀላ። «ከሁሉ የምወደው እሱን ነው።»

«አውቃለሁ። ያምራል እኮ። እንደዚያ ከሆነ ግን ዘፈኑ ከእኔ ጋር ይቅር።»

ሊዮና ወረቀቷን ሰበሰበች። ድሩሲላ ያን ቀን ምሳዋን ሳትበላ ተወችው፤ ከእሷ በኋላ ዘፈኑን ማን ይዘፍነዋል?

እሑድ አዳራሹ ሞላ። ድሩሲላ ካፖርቷን ሳታወልቅ በሩ አጠገብ ተቀመጠች። አሥራ ሦስተኛው አንጓ አለፈ፤ አሥራ አራተኛው ገባ። ጄራርድ አንገቱን ዝቅ አደረገ፤ ጠረጴዛ ማዶ ላለ ሰው እንደሚናገር አድርጎም «ወደ ቤት አልተመለሱም» አለ።

የሊዮና እጆች ከፒያኖው ወርደው ጭኖቿ ላይ ነበሩ።

«ተባረክ፣ የኔ ልጅ!» አለ አንድ ሰው ከኋላ፤ አዳራሹም በሳቅና በጭብጨባ ተናጋ። ድሩሲላ የካፖርቷን ቁልፎች ፈታች።

ፒያኖው ላይ በተዘረጋው ወረቀት ግርጌ፣ በስስ እርሳስ የተሰረዙ ሁለት መስመሮች ነበሩ፦ ቀኝ እጅ እየቀለለ ወደ ላይ ይወጣል፤ ግራ እጅ አንዲት ዝቅ ያለች ድምፅ ይዞ ይጠብቀዋል።